ጨርቋን አስቀምጥና ስማኝ

ልጄ፣ የላክህልኝን ፎቶ አየሁት። የግራው የፊት ጎማ ውስጠኛ ጎን ጠቁሮ ረጥቧል፤ አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ ተጋግሯል። ከፎቶው ሥር የጻፍከው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «አጎቴ፣ ኦይል ሲሉ ስንት ያወጣል?» የዋጋው ነገር ይደርሳል። እኔን ያሳሰበኝ ግን በፎቶው ጥግ፣ ባሌስትራው ላይ የተሰቀለችው ቅባት የጠጣች ጨርቅ ናት። ጠዋት ጠዋት የምትጠርግባት እንደሆነች ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። እኔም እንደ እሷ ያለች ጨርቅ ነበረችኝ፤ የሰው ነፍስ ልታስጠፋኝ ነበር።

መኪናህን አውቃታለሁ። ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ወጥ የፊት አክስል ያላት የድሮዋ ሃይሉክስ ናት፤ ኤል ኤን 106 የሚሏት። የላንድ ክሩዘር 70 ፒካፖችም የፊት እግራቸው አሠራር ከእሷ ብዙ አይርቅም። አንተ እስካሁን መንዳቱን እንጂ ውስጧን አታውቅምና መጀመሪያ እሱን ላሳይህ።

መሐል ላይ ዘይት የያዘው ዲፈረንሻል አለ። ከእሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቱቦ ይዘረጋል፤ በየቱቦው ውስጥ ጎማውን የሚያዞረው ሻፍት ያልፋል። የቱቦው ጫፍ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ብረት ነው፤ መሪ ስትጠመዝዝ ጎማው የሚዞረው በዚህ ኳስ ዙሪያ ነው። ኳሱ ውስጥ ሻፍቱ እየዞረ እንዲታጠፍ የሚያስችለው መገጣጠሚያ አለ፤ እሱ ደግሞ በወፍራም ግሪስ ተሞልቶ ይኖራል። እንግዲህ በቱቦው በኩል ቀጭን ዘይት፣ በኳሱ በኩል ወፍራም ግሪስ አለ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ መቀላቀል ግን የለባቸውም። በመካከላቸው የቆመው አጥር ያ ዋጋውን የጠየቅኸኝ ኦይል ሲል ነው። ከብረት ቀለበትና ከላስቲክ ከንፈር የተሠራ ነው፤ ከንፈሩን በዙሪያው ያለች ቀጭን ስፕሪንግ ሻፍቱ ላይ አጥብቃ ትይዘዋለች።

አጥሩ ሲላላ ዘይቱ ወደ ኳሱ ይገባና ግሪሱን እንደ አጥሚት ያቀጥነዋል። አጥሚቱ በኳሱ ጀርባ ካለው መጥረጊያ ላስቲክ አልፎ ይንጠባጠባል። አንተ ያየኸውና በጨርቅ የምትጠርገው ይህን ነው። የማታየው ደግሞ አለ። ያው ድብልቅ ወደ ውጭ፣ ወደ ጎማው መሐል እያለፈ የጎማውን ኩሽኔታዎች ግሪስ ያጥባል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሲል ካለፈ የሚያርፈው ፍሬን ዲስኩ ላይ ነው። ይህን ጨርቅህ አይደርስበትም።

የእኔን ታሪክ የምነግርህ ለዚህ ነው። በ1992 ዓ.ም. ክረምት ነው። የህዳሴ ድልድይ ገና አልተሠራም፤ አባይን የምንሻገረው በአሮጌው ድልድይ ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ላንድ ክሩዘር ፒካፕ እነዳለሁ። የግራ የፊት እግሯ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጋራዥ ወሰድኳት፣ ኦይል ሲል ተለወጠላት። ወር ሳይሞላ መልሳ አንጠባጠበች። እንደገና ተለወጠላት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አፈርኩ፤ አለቃዬ «መኪና አያያዝ አታውቅም» እንዳይለኝ ፈራሁ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከሰው ቀድሜ እየደረስኩ በጨርቅ እጠርገው ጀመር። መኪናዋ ንጹህ ትመስላለች፣ እኔም ጎበዝ ሾፌር እመስላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እኔ የመኪናን በሽታ እደብቅ ነበር።

አንድ ቀን ከቢቸና ወዲያ ካለ ገጠር ስንመለስ በዋልካ ጭቃ ውስጥ በፎር ዊል ስንታገል ቆየን። ዋናውን መንገድ ስንይዝ ጎማዎቹ መሐል ያሉትን መቆለፊያዎች ወደ ፍሪ መመለሱን ረሳሁት፤ የፊት ዲፈረንሻሉ ሳያስፈልግ እየዞረ፣ እየጋለ ሄደ። ጋቢና ውስጥ ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች፤ ወደ ሐኪም እያደረስናት ነው። ከደጀን ቁልቁለቱን ጀምረን ሩቅ ሳንሄድ፣ አንድ ኩርባ ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው ከእጄ ወደ ቀኝ ተነጠቀ። የግራው ዲስክ ዘይት ለብሶ አይዝም፤ የቀኙ ብቻውን ይዞ መኪናዋን ይጎትታል። በቀኛችን ገደል ነበር። ፍሬኑን ለቀቅሁ፣ ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረድኩ፣ በግራ በኩል ተራራው ሥር ያለው ቦይ ውስጥ ጎማ ጥዬ አቆምኳት። ከፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እናትየዋ አልጮኸችም። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ዝም ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የዚያን ቀን ጠዋትም ጠርጌው ነበር፣ ልጄ።

እጄ መንቀጥቀጡን ሲተው ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። አክስሉ አናት ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ቆብ ያላት መተንፈሻ አለች። ስንቴ ከሥሯ ተኝቼ አይቻት አላውቅም ነበር። ጭቃ ለብሳ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ቆቧ አልንቀሳቀስ ብሏል። በቁልፍ ላላ ሳደርጋት «እስስስ» ብላ ተነፈሰች፤ ታፍኖ የቆየ ሰው ይመስል። ሁለት ኦይል ሲል የጣልነው በከንቱ ነበር። ኦይል ሲሎቹ አላጠፉም፤ የሌላውን ጥፋት ተሸክመው ነው የተቀጡት።

ምክሬ እንግዲህ ይኼ ነው፦ የፈሰሰውን ከመጥረግህም፣ የፈሰሰበትን ዕቃ ከመለወጥህም በፊት ለምን እንደፈሰሰ እወቅ። ኦይል ሲል አርጅቶና ደርቆ በራሱ ጊዜ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን የሚገፋው ሌላ ነው። የሚገፉትን ልቁጠርልህ።

የመጀመሪያዋ ያቺ መተንፈሻ ናት። አክስሉ ሲሠራ ይግላል፣ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል። መተንፈሻዋ ከተደፈነች አየሩ ዘይቱን በኦይል ሲሉ ከንፈር በኩል ይገፋዋል። ያንተ መንገድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጎሐ ጽዮን ላይ ውሃ ጠጥተህ ባዶውን ሃይላንድ ከድነህ ጋቢና ውስጥ ትተኸው አታውቅም? አባይ ወንዝ ስትደርስ ተጨማዶ ታገኘዋለህ። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደሃልና ታች ያለው አየር ከላይኛው ይከብዳል። ታች ከድነህ ወደ ላይ ብትወስደው ተነፍቶ ይወጠራል። መተንፈሻዋ የተደፈነች አክስልም እንደ ተከደነ ሃይላንድ ናት፤ አንተ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያን ገደል ስትወርድና ስትወጣ እሷ ትጨመደዳለች፣ ትወጠራለች። ብረቱ አይታጠፍምና የሚሸነፈው ላስቲኩ ነው። የጋለ አክስል ይዘህ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ስትገባም አየሩ በአንዴ ይኮማተርና ውሃውን በዚያው ከንፈር በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ ቆቧን ፈትተህ በናፍጣ እጠባት፣ በአፍህ ንፋባት፤ አየር ካላሳለፈች ለውጣት። ከዚህም የሚሻል መላ አለ፦ በቆቧ ቦታ ዘይት የሚችል የላስቲክ ቱቦ ገጥመህ ጫፉን ወደ ሞተር ክፍሉ ከፍ አድርገህ ማሰር። ጭቃም ውሃም አይደርስበትም።

ሁለተኛው የዘይት መብዛት ነው። ቸር ነኝ ብሎ ዘይት የሚያትረፈርፍ ሰው መኪናን ይጎዳል። መለኪያው ቀላል ነው፤ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ቀዝቅዛ፣ የመሙያውን ቡሎን ፈትተህ ትንሿን ጣትህን አስገባ። ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል፣ ወይም ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። ዳገት ላይ ቆማ የተሞላች መኪና ትክክለኛ ልክ አይኖራትም።

ሦስተኛው የኩሽኔታ መላላት ነው። ኳሱን ከላይና ከታች የሚይዙት ሁለት ኩሽኔታዎች ካለቁ ሻፍቱ በኦይል ሲሉ መሐል መሐል መዞሩን ትቶ ወደ አንድ ጎን ይጫነዋል። መኪናዋን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው። ከተንገጫገጨ አዲስ ሲል ብታስገባም አይቆይልህም።

አራተኛው ሻፍቱ ራሱ ነው። የኦይል ሲሉ ከንፈር ዓመታት ሲያሸው ብረቱ ላይ ቀለበት የመሰለ ቦይ ይቆፍራል። ላስቲክ ብረት ይቆፍራል ብትባል አታምንም፤ ግን አቧራ ሲገባበት እንደ ሞረድ ነው። ሻፍቱ ሲወጣ ጥርግ አድርገህ ጥፍርህን በላዩ አሳልፍ። ጥፍርህ ከያዘ ሻፍቱ ወይ ቀጭን የብረት ቀለበት ይልበስ፣ ወይ ይለወጥ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚፈሰው ምን እንደሆነ ለይ። ጣትህን ነክረህ አሽትት። የዲፈረንሻል ዘይት ወፈር ይላል፤ ድኝ ድኝ ይሸታል። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ቀለም ይልጣል፤ እሱ ከሆነ መኪናዋን ከቆመችበት አታንቀሳቅሳት። ኳሱ ላይ ስስ ሆኖ የተቀባ ግሪስ ብቻ ካየህ ደግሞ አትደንግጥ፤ መጥረጊያው ሥራውን እየሠራ ነው። ኳሱን በያዘው ክፍል አናት አጠገብ የግሪስ መሙያ ቡሎን አለች፤ እሷን ፈትተህ በንጹህ ሽቦ ውስጡን ንካ። ወፍራም ግሪስ ከያዘ ደህና ነው፤ አጥሚት ከያዘ የውስጡ ኦይል ሲል አልፏል። የዲፈረንሻሉ ዘይት ወተት እንደገባበት ቡና መስሎ ከመጣ ውሃ ገብቷልና መሙላት ሳይሆን መለወጥ ነው። የወንድምህ መኪና ቪጎ ናት መሰለኝ፤ የእሷ የፊት እግር አሠራር ሌላ ነው። ኳስ የላትም፤ ዘይቷ የሚፈሰው ሻፍቱ ወደ ዲፈረንሻሉ በሚገባበት አፍ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ለእሱ እንዳትነግረው፤ መተንፈሻዋን ማየቱ ግን ለእሱም ይበጀዋል።

ወደ ጥገናው ስትመጣ ይህን እወቅ፦ ኦይል ሲሉ ራሱ ርካሽ ነው፤ ውዱ ድካሙ ነው። እሱን ለማግኘት ጎማው፣ ፍሬኑ፣ የጎማው መሐልና ሻፍቱ በሙሉ ይፈታሉ። ስለዚህ አንዴ ከተከፈተ የውስጡን ኦይል ሲል ብቻ ለውጦ መዝጋት ስስት ነው። የጎማውን መሐል ሲል፣ የኳሱን መጥረጊያዎችና ጋስኬቱን አብረህ ለውጥ፤ ኩሽኔታዎቹን እጠብና አዲስ ግሪስ ሙላባቸው፤ ኳሱ ውስጥ ያለውን አጥሚት እስከ መጨረሻው አውጥተህ ለዚህ መገጣጠሚያ የተሠራውን ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ አስገባ። መለዋወጫ ልትገዛ ሶማሌ ተራ ስትሄድ አሮጌውን ሲልና የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ። አሮጌው ላይ የታተመውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያይ፤ ከንፈሩን በጣትህ ገፋ አድርገው፤ ለስላሳ ሆኖ ወዲያው መመለስ አለበት። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተኛ ላስቲክ ሳይሠራ ያረጃል።

ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ቁጭ ብለህ እይ። ለመቆጣጠር አይደለም፤ ለመማር ነው። ጥሩ መካኒክ ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል። መኪናዋ በድንጋይ ሳይሆን በብረት መደገፊያ ላይ ትቁም። ኳሱን ከሚይዙት ኩሽኔታዎች ጋር የሚወጡ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ ኳሱንና ሻፍቱን መሐል ለመሐል የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። የላዩ ከታቹ፣ የግራው ከቀኙ እንዳይቀላቀሉ ለየብቻ ይቀመጡ። አዲሱ ሲል ሲገባ ስፕሪንጓ ያለችበት ፊት ወደ ዲፈረንሻሉ፣ ወደ ዘይቱ ይዙር። በመዶሻ አንድ ጎኑን ብቻ አይመቱት፤ ልኩ በሆነ ቡሽ ዙሪያውን እኩል እየነካኩ ያስቀምጡት። ከንፈሩ ላይ ግሪስ ይቀባ። ሻፍቱ ሲመለስ ደግሞ ክብደቱ በእጅ ተይዞ ይግባ፤ ጥርሶቹ ከንፈሩን ከቧጠጡት አዲሱ ሲል ሳይሠራ ሞተ ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ይደርሳል። ብዙ አዲስ ሲል የሚበላሸው በዚያች በአንዲት ደቂቃ ችኮላ ነው።

ስለ ፍሬን ሸራው አንድ ነገር ልለምንህ። ዘይት የጠጣ ሸራ ቤንዚን ውስጥ ነክረው፣ በእሳት ለኩሰው «ደረቀ» ይሉሃል። እኔንም ብለውኛል። ዘይቱ ከውስጥ አይወጣም፤ ሲግል ተመልሶ ይመጣል። ዲስኩ ብረት ነው፣ ይታጠባል፤ ሸራው ግን ይለወጥ፤ በአንድ ጎን ብቻ ሳይሆን በሁለቱም። ከዚያ ገንዘብ ካነሰህ ጎማውን አቆይ፣ ቀለሙን አቆይ፤ ፍሬኑን ግን አታቆይ።

ገንዘቡ እስኪሞላ ምን ላድርግ ትለኝ ይሆናል። በመጀመሪያ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን የምትስብህ ከሆነ አትንዳት፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ካልሳበችና ዲስኩ ደረቅ ከሆነ ግን የጎማዎቹን መቆለፊያ ከሎክ ወደ ፍሪ መልስ፣ በሁለት ጎማ ንዳ። ያን ጊዜ የፊት ሻፍቶቹ አይዞሩም፣ ዲፈረንሻሉ አይግልም፣ መፍሰሱም ይቀንሳል። የዘይቱን ልክ በየጉዞው እይ፣ አንድ ሊትር ትርፍ ያዝ። የአባይን ቁልቁለት ጭነት ይዘህ አትውረድበት። ዘይቱን ለማወፈር ግሪስ ጨምርበት የሚልህን፣ ማፍሰስ ያቆማል ብሎ ብልቃጥ የሚሸጥልህን አመስግነህ እለፈው። የተፋውንና የወጣውን ዘይት ደግሞ በጀሪካን አጠራቅም፤ ጓሮ አትድፋው፤ ያ መሬት የጎረቤትህ ጉድጓድ ውሃ ነው።

ከተሠራች በኋላ ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለስ የዘይቱን ልክ፣ የዳዶዎቹን ጥብቀትና የጎማውን መወዛወዝ እንደገና እይ። የቀኙንም እግር አትርሳ፤ የግራው እኩያ ነው፣ ያው ጭቃና ያው ገደል ነው የበላው።

ልጄ፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው በእጅህ ነው ያለው። ዛሬ የምታየው ጥቂት ጠብታ ነው። መኪናዋ ጥፋቷን ራሷ አውጥታ አሳይታሃለች፤ ብዙ ብልሽት እንዲህ ቀድሞ አይናገርም። ጤፍ ጭነህ ስትመጣ ጋቢናህ ውስጥ የምታስቀምጣቸው ሰዎች ከመኪናህ ሥር ምን እንዳለ አያውቁም። አንተን አምነው ይገባሉ እንጂ ኦይል ሲልህን አይጠይቁም። ያቺ እናት እኔን አምና ነበር የገባችው።

ነገ ጠዋት እንዲህ አድርግ። ጨርቋን አንሳት። ኳሱን፣ ጎማውን፣ የፍሬኑን ዙሪያ በናፍጣ እጠብና አንድ ጊዜ በደንብ ጥረግ፤ የዲስኩና የሸራው ፊት ብቻ ናፍጣ እንዳይነካው። ከዚያ ሰፈር ውስጥ፣ ሜዳ ላይ ትንሽ ነድተህ ተመለስና ከሥሯ ተኝተህ አዲሱ እርጥበት ከየት እንደሚጀምር እይ። ጨርቅ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ አጥርቶ ለማየት። መተንፈሻዋን ፈትተህ ምን እንዳገኘህባትም ደውለህ ንገረኝ፤ እስስ ካለች በተለይ። የኦይል ሲሉን ዋጋ ያን ጊዜ እንነጋገራለን፤ ግማሹ ከእኔ ነው።